የእጅ ስልክና ጤንነታችን፦ ከፍርሃትም ከቸልተኝነትም እንራቅ

በግዳጅ ላይ የሚገኘው ወታደር የሚስቱንና የልጆቹን ድምፅ የሚሰማው በእጅ ስልክ ነው። ይሁን እንጂ «ስልክ አንጎልን ያቃጥላል፣ ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ በየቡናው ሥርዓት ሲናፈስ፣ አንዳንዷ እናት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሥጋት ሲያድርባት፣ ሌላው ደግሞ ነገሩን በሙሉ በሳቅ ሲያልፈው እንታዘባለን። ሁለቱም ወገኖች እውነቱን በልኩ ሊያውቁት ይገባል።

በመጀመሪያ ደረጃ ጨረር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ራጅ የሰውነትን ሕዋሳት ውስጣዊ አሠራር የማበላሸት ጉልበት አለው። የእጅ ስልክ የሚያሠራጨው የሬዲዮ ሞገድ ግን ይህን ያህል ጉልበት የለውም፤ በእርግጠኝነት የታወቀው ውጤቱ ማሞቅ ነው። የመገናኛ ሠራተኞቻችን ኃይለኛ አንቴና በሚያሠራጭበት ጊዜ ከፊቱ እንዳይቆሙ የሚታዘዙት በዚሁ ምክንያት ነው። የእጅ ስልክ ኃይል ግን ቢበዛ 2 ዋት ያህል በመሆኑ የሚፈጥረው ሙቀት እጅግ አነስተኛ ነው።

ካንሰርን በሚመለከት፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ጎራ መደበው። ይህም ማስረጃው ውሱን ነው ማለት እንጂ ጉዳቱ ተረጋግጧል ማለት አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው፣ ከ22 አገሮች የተገኙ 63 ጥናታዊ ጽሑፎችን የመረመረው ግምገማ ደግሞ በእጅ ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ታዲያ ጥንቃቄ ለምን? «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ አይጎዳምና ነው። የሞገዱ ኃይል በርቀት በፍጥነት ይቀንሳል። ስለሆነም ረዥም ወግ ሲኖር የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ወይም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ከራስ ማራቅ ይበጃል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ሥፍራ ስልኩ ጣቢያውን ለማግኘት ኃይሉን ስለሚጨምር፣ ምልክቱ ወደሚጠነክርበት ቦታ ወጣ ብሎ መነጋገር ይመረጣል። አጭር መልእክት ለሚበቃው ጉዳይ መጻፍ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የቀረበው የባለሙያዎች ሪፖርት ሕፃናት አስፈላጊ ላልሆነ ወሬ በስልክ እንዳይጠቀሙ መክሯል፤ እናቶች ይህን ቢከተሉ መልካም ነው። «ጨረር ይከላከላል» እየተባለ ለሚሸጥ ተለጣፊ ግን ከደመወዝ ላይ ሳንቲም አይውጣ፤ ሞገዱን የሚያውክ ከሆነ ስልኩ ይበልጥ ኃይል እንዲያወጣ ያደርገዋል።

ከሁሉ በላይ የተረጋገጠው የስልክ አደጋ ያለው በመንገድ ላይ ነው። እያሽከረከረ በስልክ የሚነጋገር ሾፌር ለግጭት የመጋለጡ ዕድል 4 እጥፍ ያህል እንደሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ባሏ መሪ መጨበጡን የምታውቅ ሚስት እስኪደርስ ብትታገሥ፣ እርሱም ስልኩ ሲጮህ ዳር ይዞ ቢያቆም፣ ከማንኛውም ጨረር የከፋውን አደጋ ከቤታቸው ያርቃሉ።

እንግዲህ ወሬ ፈርተን የቤተሰባችንን ድምፅ አንጣ፤ ስልኩን ከራሳችን ትንሽ አርቀን፣ ልጆቻችንን ጠብቀን፣ መሪ ይዘን ሳንነጋገር እንጠቀምበት።