«ብቻ ይስራ!»

ኮምፒውተር ፊት ከሚውሉ የከተማችን ልጆች አፍ የማይጠፋ አንድ መፈክር አለ፤ «ብቻ ይስራ!» ይላል። ፓራሚኮን ልጫን ብሎ ስክሪኑ በቀይ ጽሁፍ የሞላበት ሰው ይጮኸዋል። አለቃው ከጀርባው ቆሞ ይጮኸዋል። አሰልጣኙም ሰዓቱን እያየ ይጮኸዋል። ከዚያ አንዱ ከኢንተርኔት ሁለት መስመር ገልብጦ ይለጥፋል፣ ቀዩ ጽሁፍ ይጠፋል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። እኛ ግን አናጨበጭብም። ብዙውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት የጠፋው ችግሩ ሳይሆን የበሩ ቁልፍ ነውና።

ነገሩን ከስሩ እንየው። ፓራሚኮ በፓይተን የተጻፈ የኔትወርክ ላይብረሪ ነው። ስራው በኤስ ኤስ ኤች አማካይነት ሩቅ ያለ ሰርቨር ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ መስጠት፣ ፋይል መላክና ማምጣት ነው። ሌሊት ሌሊት የዳታ ቅጂ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያሻግሩ፣ ራውተር የሚያስተካክሉ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች እሱን ተደግፈው ይሰራሉ። ግን ብቻውን አይመጣም። ክሪፕቶግራፊ፣ ቢክሪፕትና ፓይናክል የሚባሉ ላይብረሪዎችን አስከትሎ ነው የሚገባው። ከባዱን የምስጠራ ስሌት የሚሰሩለት እነሱ ናቸው። ክሪፕቶግራፊም በተራው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤልን፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈውን አንጋፋ የምስጠራ ላይብረሪ፣ ከስሩ ይዟል። እንግዲህ «ፒፕ ኢንስቶል ፓራሚኮ» ብሎ ኢንተርን የሚጫን ሰው አንድ እንግዳ ጠርቶ ቤተሰቡን በሙሉ ነው የሚያስተናግደው።

ታዲያ ለምን ይወድቃል? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። ፒፕ መጀመሪያ የሚፈልገው «ዊል» የሚባለውን፣ አስቀድሞ ተገንብቶ የተዘጋጀ ፓኬጅ ነው። ለኮምፒውተሩ የሚስማማ ዊል ካገኘ ነገሩ ወዲያው ያልቃል። ካላገኘ ግን ምንጭ ኮዱን አውርዶ «እዚሁ ልገንባው» ይላል። ያኔ የሲ ኮምፓይለር፣ የፓይተንና የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ሄደር ፋይሎች፣ ዛሬ ደግሞ የራስት ኮምፓይለር ይጠይቃል። የሚያስቀው ዊሉ እያለም ይህ መድረሱ ነው። ያረጀ ፒፕ የአዲሶቹን ዊሎች መለያ ስም ስለማያውቅ አልፏቸው ወደ ግንባታ ይገባል። ስለዚህ የዚህ ሁሉ ለቅሶ ትልቁ ክፍል ፒፕን ራሱን በማደስ የሚቆም ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ቀዩን ጽሁፍ ማንበብ ብቻ ነው። አዎ፣ ማንበብ! ኮምፒውተሩ ምን እንደጎደለው በዝርዝር እየነገረን እኛ «ይሄ ነገር ተበላሸ» እያልን እናማዋለን።

ድሮማ የባሰ ነበር። ፓራሚኮ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ የተደገፈው ፓይክሪፕቶ በሚባል ላይብረሪ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ሊጭነው የሞከረ ሁሉ «ቪሲ ቫርስ ኦል ባት አልተገኘም» የሚለውን ስህተት አይረሳም። ትርጉሙ ባጭሩ «የማይክሮሶፍት ሲ ኮምፓይለር የለህም» ነው። ፓይክሪፕቶ የመጨረሻ እትሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በኋላ ከባድ የሜሞሪ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ቀዳዳውን የሚደፍን አዲስ እትም ግን አልወጣለትም። ፓራሚኮ በ2016 በወጣው 2.0 እትሙ ትቶት ወደ ክሪፕቶግራፊ ተሻገረ። እኛ ጋ ግን «መጀመሪያ ፓይክሪፕቶን ጫኑ» የሚል አሮጌ ማስታወሻ አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሞተ ዘበኛ ቀጥሮ ለጥ ብሎ መተኛት ማለት ይህ ነው።

ወደ ትልቁ ጠብ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ክሪፕቶግራፊ 3.4 ወጣ። በውስጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በራስት ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ነበረበት። በወቅቱ የነበሩት የሊኑክስ ዊሎች ጂሊብሲ ለሚባለው የሲ ላይብረሪ የተሰሩ ሲሆኑ አልፓይን ሊኑክስ የሚጠቀመው መስል የሚባለውን ነው። ስለዚህ አልፓይን ላይ ሁልጊዜ ከምንጭ ኮዱ መገንባት ግድ ነበር፤ ራስት ደግሞ አልተጫነም። ትናንት ሲሰሩ የዋሉ ኮንቴይነሮች ዛሬ አንገነባም አሉ። የቁጣው ናዳ በላይብረሪው ጠባቂዎች ላይ ወረደ። አብዛኛውን ስራ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሰሩ ሰዎች፣ ሰባራ ሳንቲም ባልከፈላቸው ሰው ሲወቀሱ ሰነበቱ።

ቁጣው ሁሉ ከንቱ ነበር አንልም። ራስት የማይደርስባቸው አሮጌ የፕሮሰሰር አይነቶች የያዙ ሰዎች እውነተኛ ኪሳራ ደርሶባቸዋል። ከ3.3 ወደ 3.4 የሚል ትንሽ የቁጥር ለውጥ ይህን ያህል ነገር ይዞ መምጣቱም ብዙዎችን አዘናግቷል። ጠባቂዎቹም የቁጥር አሰጣጡን ቀይረው ቀጣዩን ዋና እትም 35.0 አሉት። ለአልፓይንም ኋላ ላይ የራሱ ዊል ተዘጋጀለት። «ለምን ነካችሁት? ይሰራ አልነበር?» የሚለው ጩኸት ግን መልስ ያስፈልገዋል፤ የእኛው መፈክር ነውና።

መልሱ ያለው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ይፋ የሆነው ያኔ ነበር። የሲ ኮዱ አንድ የርዝመት ቁጥር ሳያጣራ ይቀበል ስለነበር ማንም ከሩቅ ሆኖ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን ሜሞሪ መጭለፍ ይችል ነበር፤ ፓስዎርድም ቢሆን፣ ሚስጥራዊ ቁልፍም ቢሆን። ቀዳዳው ሁለት ዓመት ያህል በየሰርቨሩ ተቀምጧል። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር «ይሰራ» ነበር! የዓለም ኢንተርኔት የተደገፈው ይህ ፕሮጀክት በወቅቱ በዓመት የሚያገኘው ስጦታ 2,000 ዶላር ገደማ፣ ሙሉ ጊዜውን የሚሰራለትም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገንዘብ ይሰብሰብ የተባለው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ራስት እንዲህ ያለውን የሜሞሪ ስህተት ለመከልከል የተሰራ ቋንቋ ነው። እንግዲህ ያ በአልፓይን ላይ የታየው ቀይ ጽሁፍ የመጣው ሌላ ሃርትብሊድ እንዳይመጣ ከመፈለግ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር። ፓራሚኮ ተጭኖ ካለቀ በኋላ የማያውቀው ሰርቨር ሲገጥመው ግንኙነቱን ይቆርጣል። «ይህን ሰርቨር አላውቀውም፣ ቁልፉ ከተመዘገቡት ውስጥ የለም» ይላል። «ሪጀክት ፖሊሲ» የሚባለው ይህ ነው፤ ሳትነኩት የሚሰራው እሱ ነው። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? «አውቶ አድ ፖሊሲ» የምትለዋን መስመር ይለጥፋል። ትርጉሟ «ማንም ይምጣ ማን፣ እኔ ነኝ ካለህ እመነው» ነው። መሃል መንገድ ላይ ሰርቨሩን መስሎ የቆመ ሌባ ቢኖር ፕሮግራሙ ፓስዎርዱን አሳምሮ መስጥሮ ለሌባው ያስረክባል። ሙሽራዋ እንኳ ካልታዘልኩ አላምንም ብላለች፤ የእኛ ፕሮግራም ግን በሩን ላንኳኳ ሁሉ ያምናል። ያን ሁሉ ላብ አፍስሰን የጫንነው ምስጠራ በአንዲት መስመር ገደል ገባ። የቀረን ስሙ ነው።

የዚህች መስመር ወንድሞችም ብዙ ናቸው። የሰርቲፊኬት ማጣራቱን የሚያጠፋው «ቬሪፋይ ፎልስ» አለ። ፒፕን «ይህን አድራሻ ሳታጣራ እመን» የሚለው «ትራስትድ ሆስት» አለ። «አሮጌው እትም ይሰራል፣ አትንኩት» የሚለው ደግሞ የሁሉም አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፓራሚኮ የሰርቨር ክፍል ላይ ማንነትን ሳያረጋግጡ ማለፍ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፈነ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ «ቴራፒን» ለተባለው የኤስ ኤስ ኤች ጥቃት ፓራሚኮ 3.4 መከላከያ ይዞ ወጣ። አሮጌውን ያልነካ ሰው እነዚህን ቀዳዳዎች ከነክብራቸው አስቀምጧቸዋል።

«እናንተ ኢንተርኔቱ እንደ ልብ የሆነ መሰላችሁ?» የሚሉን ይኖራሉ። አልመሰለንም። እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ አገሪቱ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር ማን ይረሳል? ፓኬጅ በፍላሽ መዞሩ ነውር የለውም። ነውሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍላሽ መጉረስ ነው። ፒፕ ለዚሁ የሚሆን ነገር አለው። መስመር ባለበት ቦታ «ፒፕ ዳውንሎድ» ብላችሁ ፓራሚኮን ከነቤተሰቡ በአንድ ፎልደር ታወርዳላችሁ። መስመር በሌለበት ኮምፒውተር ላይ «ኖ ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ ሊንክስ» በሚሉት አማራጮች ከዚያው ፎልደር ትጭናላችሁ። የሚወርደው ዊል ለሚጫንበት ኮምፒውተርና ለፓይተን እትሙ የሚስማማ መሆኑን ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የየፓኬጁን ሃሽ ከኦፊሴላዊው ማከማቻ ወስዳችሁ በዝርዝር ፋይሉ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ደግሞ «ሪኳየር ሃሽስ» የሚለው አማራጭ መንገድ ላይ የተነካካ ፋይል ሲመጣ አልጭንም ይላል። ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት የማይሞላ ስራ ነው።

«ማን እኛን ይነካናል?» የሚል ካለም ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 የስሎቫኪያ ብሔራዊ የደህንነት ባለስልጣን በፓይተን የፓኬጅ ማከማቻ ውስጥ የታወቁ ስሞችን የመሰሉ የውሸት ፓኬጆች ማግኘቱን አስታወቀ፤ አንዱ ዩአርኤልሊብ3 የሚለውን ስም አንድ ፊደል አጉድሎ የተሰየመ ነበር። በዲሴምበር 2019 የተወገደ ሌላ ፓኬጅ ደግሞ በጄሊፊሽ ስም ውስጥ አንዷን «ኤል» በትልቁ «አይ» ተክቶ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ ተገኘ። ስራው የኤስ ኤስ ኤች ቁልፍ መስረቅ ነበር። እነዚህ ወጥመዶች አዲስ አበባ፣ በርሊን ብለው አይመርጡም። የሚመርጡት ቸኩሎ የሚጽፈውን ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አሰልጣኞች ሆይ፣ «አውቶ አድ ፖሊሲ»ን የመጀመሪያ ምሳሌ አድርጋችሁ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ፤ ተማሪ መጀመሪያ ያየውን ነው እስከ መጨረሻው የሚገለብጠው። የሰርቨሩን የጣት አሻራ ከሰርቨሩ ኃላፊ በስልክ ጠይቆ ከቀረበው ጋር ማስተያየትንና መመዝገብን አስተምሩ። አለቆች ሆይ፣ «ዛሬ ማታ ይድረስ» ስትሉ ፕሮግራመሩ ምን አጥፍቶ እንዳደረሰው ጠይቁ። በነጻ የሰጡንን ሰዎች የምንሳደብ ደግሞ ከመሳደባችን በፊት ስህተቱን እናንብብ፣ ካነበብን በኋላ ያጋጠመንን በወጉ ጽፈን እንላክላቸው። ይህም አስተዋጽኦ ነው።

የማይከፈት በር ያናድዳል፤ ይገባናል። ግን ከውስጥ ያለው ንብረት የፕሮግራመሩ አይደለም። ወረፋ ቆማ ደብተሯን ያስመዘገበች እናት ስም ነው፣ የሰራተኛ ደመወዝ ነው፣ የታማሚ መዝገብ ነው። «ብቻ ይስራ!» የሚለው ሰው የማንን ቤት ክፍት እንደሚተው አይጠየቅም። መጠየቅ አለበት።