ቤት ውስጥ የተጋገረ ኬክ መሸጥ ይከልከል? እኔ አልስማማም

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሁለት ዓይነት መልእክት እየደጋገመ ይደርሰኛል። አንደኛው ከገዢዎች ነው፦ «ዶክተር፣ በቴሌግራም የልደት ኬክ አዝዤ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ መሆኑን ስሰማ ፈራሁ። ይበላል ወይ?» ሁለተኛው ከጋጋሪዎቹ ነው፦ «ቤቴ ኩኪስና ድፎ ዳቦ ጋግሬ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ሕጋዊ ልሁን ብዬ ብጠይቅ ለብቻው የሆነ ቤት ያስፈልግሻል ተባልኩ። እስቲ ምን ላድርግ?»

ዛሬ ከምክር አልፌ አቋሜን ልጽፍ ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ማን ምን በልቶ እንደታመመ ሲነገረኝ ነው የምውለው፣ ስለዚህ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ሰው ቤት የተጋገረ ምግብ ገዝቶ መብላት ለእኛ አዲስ አይደለም። ከጎረቤት እንጀራ ገዝቶ የማያውቅ ከተሜ ካለ እጁን ያውጣ። ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳው ከየት ነው የሚመጣው? በየሰፈሩ በር ላይ ተጠብሶ አይደል እንዴ! ጠዋት ቦምቦሊኖ የምትሸጠው እናት ፋብሪካ የላትም። አዲስ ነገር ቢኖር ስልኩ ነው። ድሮ የጋጋሪዋን ቤትም እጅም ታውቁ ነበር፤ ዛሬ የምታውቁት የኬኩን ፎቶ ብቻ ነው። ሥጋቱ ከዚህ የመነጨ ስለሆነ ሰው ፈራ ብዬ አልፈርድም። ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ የሚለው ወሬ ስንቱን ሰው እንዳስደነገጠ እናስታውሳለን።

ሕጉ ምን ይላል? የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተበከለ ወይም ከባዕድ ነገር የተቀላቀለ ምግብ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ይሄ ፋብሪካንም ጓዳንም እኩል ይመለከታል፣ እሰየው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ አይቻልም ይላል። ለምግብ ሥራ ከፈቃዱ በፊት ብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ብቃቱ የሚለካው ግን ራሱን የቻለ ቤት ባለው ዳቦ ቤት ወይም ኬክ ቤት ልክ ነው። በሳምንት ሦስት ኬክ ለምትጋግር ሴት ተብሎ የተጻፈ ምዕራፍ አዋጁ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያላት አማራጭ ሁለት ነው፦ አቅሟ የማይችለውን ቤት ተከራይታ መክሰር፣ ወይም ተደብቃ መሸጥ። አብዛኞቹ የቱን እንደመረጡ ቴሌግራማችሁን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከጤና አንጻር ሲታይ ከሁሉ የከፋው ይሄኛው መደበቅ ነው። የተደበቀ ሰው አይሠለጥንም፣ አይጎበኝም፣ ሰው ሲታመምበትም ስልኩን ያጠፋል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። «የቤት ኬክ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ለሐኪም ሁለት የተለያየ ምግብ ነው።

ድፎ ዳቦ፣ ኩኪስ፣ ክሬም የሌለው ደረቅ ኬክ አንድ ወገን ናቸው። በደንብ የበሰለ ዳቦ መሀሉ ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ሳልሞኔላን የመሰሉ ጀርሞች ደግሞ 70 ዲግሪን አይችሉም። ከምድጃ ከወጣ በኋላም ደረቅ ብስኩት ውስጥ ለጀርም መራቢያ የሚሆን በቂ ውሃ የለም። ቢቆይ ይሻግታል፣ ሻጋታ ደግሞ በዓይን ይታያል፣ ትጥሉታላችሁ።

ሁለተኛው ወገን ከተጋገረ በኋላ የሚለበሰው ነው፦ ፍሬሽ ክሬም፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራ ክሬም፣ ጥሬ የእንቁላል ነጭ የገባበት ማስጌጫ። ይሄኛው እሳት ያልነካው፣ እርጥብና ገንቢ ነው፤ ለእኛ የጣፈጠው ለባክቴሪያም ይጣፍጣል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥና ቆዳ ላይ ይኖራል። ጣቷ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለባት ጋጋሪ ክሬሙን በእጇ ስትነካ ይገባል፣ ሙቀት ካገኘ ይራባል፣ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ደግሞ በማፍላት እንኳ አይጠፋም፤ ሽታም ጣዕምም አይቀይርም። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ተቅማጥ ሊከተል ይችላል።

(በነገራችን ላይ፣ ትናንት ማታ ልደት በልታችሁ ዛሬ ጠዋት ካስመለሳችሁ «ታይፎይድ መርምሩኝ» አትበሉ። ታይፎይድ ጀርሙ ከገባ ከ6 እስከ 30 ቀን ቆይቶ ነው ምልክት የሚያሳየው። ይሄን ስንቴ እንደምናገር እኔ ነኝ የማውቀው።)

ይሄን የክሬምና የዳቦ ልዩነት አንድ የቆየ ታሪክ ደህና አድርጎ ያሳያል። በ1906 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ አጠገብ ኦይስተር ቤይ በሚባል ቦታ አንድ ቤት ውስጥ ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ታመሙ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቀጠረው ጆርጅ ሶፐር ጣቱን የቀሰረው በማብሰያዋ በሜሪ ማሎን ላይ ነው። እሷ አልታመመችም፤ ጀርሙን ግን ተሸክማ ትዞር ነበር። ሶፐር ግራ የገባው ምን ላይ መሰላችሁ? የምታበስለው ምግብ እሳት ይነካዋል፣ ጀርሙ መሞት ነበረበት። በኋላ የደረሰበት ምግብ ጥሬ ኮክ እየተቆረጠ የሚገባበት አይስክሬም ነው። ሴትየዋም ያው፣ ወጥ ቤቱም ያው፤ የበሰለው አልፎ ያልበሰለው ያዘ።

አሁን ይሄን ድሬ ላይ አምጡት። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። አሜሪካኖቹ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቅዱት። እኛ ጋ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ብርቅ ነው እንዴ? ከሳቢያን ለገሃሬ ክሬም ኬክ በባጃጅ ጭኖ ሄዶ፣ ሻማው እስኪበራ፣ ዘመድ ሁሉ ፎቶ እስኪነሳ ተጠብቆ፣ የተረፈው ለማግስት ቁርስ! መብራት ከጠፋ ደግሞ ፍሪጁም ቁም ሳጥን ነው፣ አቦ። ውሃውም የሮቶና የጀሪካን ስለሆነ እጅ መታጠቡ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ይሄን የምለው ክሬም ኬክ አትብሉ ለማለት አይደለም። ሁለቱን ምግቦች በአንድ ሕግ መዳኘት ትክክል አይደለም ለማለት ነው።

ሌሎች አገሮችም እዚህ ላይ ነው የደረሱት። ካሊፎርኒያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በራሱ ማእድ ቤት ጋግሮ እንዲሸጥ ፈቅዳለች፤ የተፈቀደው ግን ፍሪጅ የማይፈልገው ዓይነት ነው፣ ዳቦ፣ ኩኪስ፣ የመሳሰለው። ማሸጊያው ላይ በቤት ውስጥ የተሠራ መሆኑና የገባበት ነገር ይጻፋል። ኒው ጀርሲ ግን እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ከልክላ ቆይታ በመጨረሻ እሷም ፈቀደች። ሕንድም ለትንንሽ ምግብ ሠሪዎች ከሙሉ ፈቃድ ይልቅ ቀለል ያለ ምዝገባ አላት። ቀድተን እንለጥፍ አላልኩም። የእኛ ውሃና መብራት የእነሱ አይደለም።

ባለ ዳቦ ቤቶች የሚሉትንም ሰምቻለሁ። «እኛ ኪራይ እንከፍላለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ ሠራተኞቻችንን እናስመረምራለን፤ እሷ ጓዳዋ ቁጭ ብላ ገበያችንን ትወስዳለች» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ በዚህ ላይ አልከራከርም። ለዚህም ነው ገደብ ሊኖር ይገባል የምለው፦ ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ ሠራተኛ ከተቀጠረ፣ ለሱቅና ለካፌ ማከፋፈል ከተጀመረ እንደማንኛውም ዳቦ ቤት ሙሉ ፈቃድ ይውጣ። ግን «ፈቃድ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው» በሚለው አልስማማም። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ክሬም ኬኩ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ውስጥ በጠፋ ፍሪጅ ተደርድሮ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ምርመራውም አንድ ነገር ልበል። የሰገራ ምርመራ ወረቀት የሚነግራችሁ የዚያን ቀን ሁኔታ ነው፣ የነገን አይደለም። ከወረቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው ልማዱ ነው፦ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ተቅማጥ የያዛት ሰው ካቆመላት በኋላም 48 ሰዓት ሳይሞላ ለሰው ምግብ አለመሥራት፣ የእጅ ቁስልን በደንብ ሳይሸፍኑ ሊጥም ክሬምም አለመንካት። ይሄ በግማሽ ቀን ሥልጠና የሚሰጥ ትምህርት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድሬዳዋ በቻርተሯ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ናት። የሰፈር ዳቦ ቤትና ኬክ ቤት የሚቆጣጠረውም የከተማው ክፍል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባን ሳንጠብቅ መጀመር የሚቻል ነገር አለ። ለደረቁ ወገን ቀላል ምዝገባ ይኑር፣ በቀበሌ ደረጃ የሚያልቅ፣ የተለየ ቤት የማይጠይቅ። ማእድ ቤቱን ማን ያየዋል ካላችሁ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ዱሮም በራችንን ያንኳኳሉ፤ የውሃ ዕቃውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ርቀት፣ እጅ መታጠቢያውን ለማየት ከእነሱ የተሻለ ሰው አላውቅም። ለክሬሙ ወገን ግን ጠበቅ ይበል፦ ቴርሞሜትር ያለው ፍሪጅ፣ ጥሬ እንቁላል የሌለበት አሠራር፣ በዚያው ቀን ብቻ ማስረከብ። እዚህ ላይ ጋጋሪዎች ሊቀየሙኝ ይችላሉ፤ ይቀየሙኝ።

ማሸጊያው ላይ ቢያንስ የጋጋሪዋ ስልክ፣ የተጋገረበት ቀን፣ እንዲሁም እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴና ኦቾሎኒ ካለበት ይጻፍ። ኦቾሎኒ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ በምሥራቁ በኩል፣ ባቢሌና ጉርሱም አካባቢ በሚመረተው ኦቾሎኒ ላይ ተመራማሪዎች አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝተዋል። ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል፣ በተለመደው የመጋገሪያ ሙቀትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የተሸበሸበ፣ ቀለሙ የተቀየረ ፍሬ ርካሽ ነው ተብሎ ኩኪስ ውስጥ መግባት የለበትም። ደግሞ «ለስኳር ታማሚ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ በፍጹም አይፈቀድ። በማር ወይም በቴምር የጣፈጠ ኬክም የደም ስኳር ይጨምራል፤ ዱቄቱ ራሱ ይጨምራል። ማስታወቂያውን አምኖ መድኃኒቱን የሚዘል ሰው አለ።

እስከዚያው ለገዢዎች፦ መቼ ተጋገረ፣ ክሬሙ ከምንድነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ጋጋሪ ጥያቄ አያናድዳትም። ክሬም ኬክ ካዘዛችሁ ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል ይምጣ እንጂ ጠዋት አይምጣ። በልታችሁ ማስመለስ ከጀመራችሁ ፈሳሽና ኦ.አር.ኤስ. ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ውሰዱ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሽንት መጥፋት ወይም መፍዘዝ ካለ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ ግን ቤት አትቆዩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አብረው የበሉትም ታመው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የአንድ ሰው ሕመምና የአንድ ድግስ ሕመም ለእኛ የተለያየ ነው።

ጋጋሪዎች ደግሞ፣ ፈቃድ ለማውጣት ሞክራችሁ ከሆነ ምን ምን እንደተጠየቃችሁና የቱ ላይ እንደቆማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁን አልጠቅስም። የመጣውን አሰባስቤ ለከተማው የጤና ቁጥጥር ክፍል በደብዳቤ ላስገባ አስቤያለሁ፤ በእናንተ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆን ይሻላል።