አፈ ጉባኤዋ ስለ ምን ታሰሩ?

የካታሎኒያ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በእኛ ዘንድ ሁለት ወገኖች ወዲያውኑ ተሰልፈው ይቆማሉ። አንደኛው ወገን «አያችሁ! ስለ ዴሞክራሲ የምታስተምረን አውሮፓ እንኳ የመገንጠልን ጥያቄ በእስር ትመልሳለች» እያለ እፎይ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የታሰሩትን ሁሉ እንከን የሌለባቸው ሰማዕታት ያደርጋቸዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ምክንያቴን ለማስረዳት ከታሰሩት መካከል የአንዲት የቋንቋ መምህርት ታሪክ ይበቃኛል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ወይዘሮ ካርሜ ፎርካዴል በ1955 በደቡባዊ ካታሎኒያ፣ በኤብሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሼርታ በተባለች ትንሽ ቀበሌ ተወለዱ። ዘመኑ የጄኔራል ፍራንኮ ነበር። ያን ጊዜ ካታላንኛ በቤትና በጓዳ የሚነገር እንጂ በትምህርት ቤት የሚማሩበት ቋንቋ አልነበረም። ፍራንኮ በ1975 ሞተው፣ የ1978ቱ የስፔን ሕገ መንግሥት ጸድቆ፣ በ1983 ደግሞ የካታሎኒያ ምክር ቤት የቋንቋ ሕጉን ካወጣ በኋላ ነው ካታላንኛ በመማሪያ ክፍል ውስጥ በእግሩ የቆመው። ፎርካዴል የዚህ መመለስ ልጅ ናቸው፤ ካታላንኛ አስተማሪ ሆኑ። ለሌላው ሕዝብ ተራ የሰዋስው ትምህርት የሆነው ነገር፣ ከአንድ ትውልድ በፊት ቋንቋው ከትምህርት ቤት ለተባረረበት ሕዝብ የህልውና ጉዳይ ነው። ስለዚህም «መምህርቷ ፖለቲከኛ የሆኑት መቼ ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ጠመኔ ባነሡበት ቀን ነው እለዋለሁ።

ከ2003 እስከ 2007 የካታሎኒያ ሪፐብሊካን ግራ ፓርቲን ወክለው በሳባዴል ከተማ ምክር ቤት አገለገሉ። ስማቸው የገነነው ግን በ2012፣ «የካታላን ብሔራዊ ጉባኤ» የተባለውን ሕዝባዊ ማኅበር መምራት ሲጀምሩ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 11 ቀን ማኅበሩ በባርሴሎና የጠራውን ሰልፍ የከተማው ፖሊስ 1.5 ሚሊዮን፣ የማዕከላዊው መንግሥት ተወካይ ጽሕፈት ቤት ደግሞ 600,000 ሰው ወጣበት አሉ። ትንሹ ቁጥር እንኳ ማንንም መንግሥት ቆም ብሎ ሊያሳስብ የሚገባ ነበር። በዓመቱ በ2013 ሕዝቡ እጅ ለእጅ ተያይዞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የሰው ሰንሰለት ሠራ። ይህ ሁሉ የሆነው በሰላም ነው።

በ2015ቱ ምርጫ ፎርካዴል የነጻነት ደጋፊዎች ባቀረቡት የጋራ ዝርዝር ሁለተኛ ሆነው ተወዳደሩ። ነጻነት ፈላጊዎቹ ከ135 ወንበሮች 72ቱን አገኙ፤ የሕዝቡ ድምፅ ግን 48 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ የኋላው ጥፋት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የወንበር ብልጫ አላቸው፤ የሕዝብ ብልጫ ግን የላቸውም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 ቀን መምህርቷ የካታሎኒያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ።

እዚህ ላይ ለአድናቂዎቻቸው የምለው አለኝ። በቋንቋችን «አፈ ጉባኤ» ማለት የጉባኤው አፍ ማለት ነው፤ የጉባኤው ሁሉ እንጂ የግማሹ አይደለም። በሴፕቴምበር 6 እና 7 ቀን 2017 ግን የካታሎኒያ ምክር ቤት የሕዝበ ውሳኔውንና ወደ ሪፐብሊክ የመሸጋገሪያውን ሕግ ያጸደቀው በጥድፊያ ነው። የምክር ቤቱ የራሱ የሕግ ባለሙያዎች አስጠንቅቀው ነበር። ተቃዋሚዎች ረቂቁ በሕጋዊው የዋስትና ምክር ቤት እንዲመረመር ጠይቀው ተከለከሉ። የክልሉን መተዳደሪያ ሕግ ለማሻሻል እንኳ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 90 ድምፅ ያስፈልጋል፤ አገር ለመመሥረት ግን 72 ድምፅ በቃ ተባለ! ሦስት የተቃዋሚ ፓርቲዎች የሕዝበ ውሳኔው ሕግ ድምፅ ሲሰጥበት አዳራሹን ጥለው ወጡ። ዕድሜ ልኳን የተገፋ ቋንቋን ያስተማረች መምህርት፣ በዚያች ሌሊት በአዳራሹ ውስጥ የተገፋው ማን እንደሆነ ልታይ በተገባ ነበር። አላዩም። ይህ ጥፋት ነው፤ ትልቅ ጥፋት።

ነገር ግን የምን ጥፋት ነው? ክርክሬ ያለው እዚህ ነው። ይህ የፓርላማ ጥፋት ነው። የፓርላማ ጥፋት ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው፦ ሕጉን መሻር፣ ምክር ቤቱን መበተን፣ ለመራጩ ፍርድ መስጠት። ስፔን ሦስቱንም አድርጋለች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጎቹን ወዲያው አግዶ በኋላ ሻራቸው። ኦክቶበር 27 ቀን ምክር ቤቱ በ70 ድምፅ የነጻነት አዋጁን ባሳለፈ ዕለት፣ ማድሪድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 155 መሠረት የክልሉን መንግሥት አነሣች፤ ዲሴምበር 21 ቀንም ምርጫ ተካሄደ። መድኃኒቱ ተሰጥቷል፤ በሽታውም በቁጥጥር ሥር ውሏል። ታዲያ እስሩ ለምን አስፈለገ?

«ሕግ ሕግ ነው» የሚሉ ወዳጆቼ፣ አፈ ጉባኤዋ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተደጋግመው ተነግሯቸው አልታዘዙም ይሉኛል። እውነት ነው፤ አልታዘዙም። አለመታዘዝ በስፔን ሕግ ስምም ቅጣትም አለው። ከእርሳቸው ጋር በአፈ ጉባኤው ቢሮ ተቀምጠው እነዚያኑ አጀንዳዎች ካሳለፉት መካከል አራቱ በ2020 በካታሎኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸው በአለመታዘዝ ብቻ ነው፤ 20 ወር ከሥልጣን መታገድና የገንዘብ መቀጮ። አንድም ቀን እስራት አልተፈረደባቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ኦክቶበር 14 ቀን 2019 በፎርካዴል ላይ በ«ሴዲሲዮን»፣ ማለትም ሕግን በሕዝብ ሁከት በማደናቀፍ ወንጀል፣ 11 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የጠየቀው በዐመፅ ወንጀል 17 ዓመት ነበር! የልዩነቱን ምክንያት ሲያስረዳ ፍርድ ቤቱ የእርሳቸው ሚና ከአፈ ጉባኤነት ያለፈ ነው፣ የዕቅዱም አካል ነበሩ አለ። በተራ አማርኛ፣ ተመሳሳይ አጀንዳ ላሳለፉ ሰዎች የተለያየ ፍርድ የተሰጠው፣ አንዲቱ ቀድሞ ሰልፍ ትመራ ስለነበር ነው ማለት ነው። ሰላማዊ ሰልፍ መምራት የቅጣት ማክበጃ ከሆነ፣ የመሰብሰብ መብት ምን ቀረለት?

ፎርካዴል ፍርዱን የጠበቁት በእስር ቤት ነው። በኖቬምበር 2017 አንዲት ሌሊት ታስረው በ150,000 ዩሮ ዋስ ተለቀቁ። ማርች 23 ቀን 2018 ግን እንደገና ገቡ፤ የወጡት ከሦስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ በጁን 2021 መንግሥት በሰጠው ይቅርታ ነው። አፈ ጉባኤዋ እንደሌሎቹ አገር ጥለው አልሸሹም፤ ፍርድ ቤት በተጠሩ ቁጥር ቀርበዋል። ጥፋት የሠራ ሰው ጥፋቱን ፊት ለፊት ሲጋፈጥ አክብሮት ይገባዋል፤ እኔም እነሣላቸዋለሁ።

ከዚያስ ምን ሆነ? የተፈረደባቸው የ«ሴዲሲዮን» ወንጀል በ2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ ከስፔን የወንጀል ሕግ ተሰረዘ። በፌብሩዋሪ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ የፎርካዴል የሥልጣን እገዳ ማብቃቱን አወጀ። በ2024 የምሕረት አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ደግሞ በአንድ መዝገብ አብረዋቸው የተፈረደባቸው ጁዜፕ ሩል የካታሎኒያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ። አስቡት እንግዲህ! ወንጀሉ ጠፋ፤ ከተከሳሾቹ አንዱ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የአንዲት መምህርት ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ግን ይቅርታም ምሕረትም አይመልሰውም።

ለ«እስር ያስተምራል» ባዮች ደግሞ አንድ ሐቅ ልጨምር። ነጻነት ፈላጊዎቹ መሪዎቻቸው በታሰሩበትና በተሰደዱበት በዲሴምበር 2017 ምርጫ የወንበር ብልጫቸውን አስጠብቀው ወጡ፤ በ2021ም እንዲሁ። ብልጫውን ያጡት እስረኞቹ ከተፈቱ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሜይ 2024 ነው። የእስር ቤት ቁልፍ ያልቻለውን የድምፅ መስጫ ሣጥን ቻለው።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 መገንጠልን ይፈቅዳል፤ የስፔኑ በአንቀጽ 2 የማይፈርስ አንድነትን ያውጃል። ጽሑፎቹ ሰማይና ምድር ናቸው። ከጽሑፎቹ ሥር ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ብዙዎች የሚጠሉትን ሐሳብ የያዘ ሰው ሐሳቡን ከምክር ቤት ወዲያ የት ያቅርበው? አዳራሹን የዘጋንበት ሰው የሚሄድበትን ሌላ ቦታ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። እኔ የካታሎኒያን መገንጠል አልደግፍም። የአፈ ጉባኤዋም የሴፕቴምበር ሥራ ትክክል አልነበረም። አንድነት ግን አጀንዳ ያስያዘን ሰው በማሰር የሚጸና ከሆነ፣ አንድነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። የፖለቲከኛ ዳኛው መራጩ ነው፤ የእርሱን መዶሻ ቀምቶ ለወንጀል ችሎት የሚሰጥ አገር፣ ዛሬ ባላጋራውን ቢያስርም ነገ ራሱን ከመታሰር የሚያድነው ነገር የለም።