አሥሬ ለክቶ አንዴ መግዛት

የኦምን ሕግ በቃሉ የሚያውቅ ሰው የኦምን ሕግ ያውቃል ማለት ይቻላልን? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የጠየቅነው በትምህርት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛት፣ ከተከራየነው ቤት ጎን ባለች የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። በፊዚክስ የዶክትሬት ትምህርት ላይ የነበርን ሁለት ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተን፣ ለዓመታት ሳትንቀሳቀስ የቆመች የ1965 ሞዴል ፎርድ መስታንግ ገዛን። ለጥገናዋ በየወሩ ልናወጣ የምንችለው ከ100 ዶላር አይበልጥም ነበር። ከዚያ ሥራ ያተረፍነው አስተያየት ይህ ነው፦ አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጨብጠው የሚገባው መሣሪያ መለኪያ ነው፤ የኪስ ቦርሳው ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መስታንግ ለሕዝብ የቀረበችው ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒው ዮርኩ የዓለም ትርኢት ላይ ሲሆን፣ መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ዋጋው ዝቅ ሊል የቻለው ብዙው አካሏ ከዚያ ቀደም ይመረት ከነበረው ፎርድ ፋልከን የተወሰደ በመሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጠዋል። በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ አዳዲስ መለዋወጫዎች ይመረቱላታል። የእኛዋ በፊልም የምናያት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሳትሆን፣ 3.3 ሊትር የሚይዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመላት ትሑት መኪና ነበረች። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የላትም። በውስጧ የሚከናወነው ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው።

የመጀመሪያው ሕመሟ እንግዳ ነበር። ቁልፉን ስናዞረው ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩም ይነሣል፤ ቁልፉን በለቀቅንበት ቅጽበት ግን ወዲያው ይጠፋል። እኛም መገመት ጀመርን። ቦቢናው ይሆናል ብለን አዲስ ቦቢና ገዛን፤ አልሆነም። ኮንደንሰሩን ለወጥን፤ አልሆነም። ቤንዚን አልደረሰው ይሆናል ብለን የቤንዚን ፖምፓ ቀየርን፣ ካርቡሬተሩንም ፈታትተን የውስጥ ዕቃዎቹን አደስን። ከ130 ዶላር በላይ ካጠፋን በኋላ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ይነሣል፣ እንደ ቀድሞውም ይጠፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሆነ። የሚያሳፍረው ነገር፣ ሁለታችንም ቀን ቀን በቤተ ሙከራ ከመልቲሜትር የማንለይ ሰዎች መሆናችን ነው። ማታ ግን መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ ጠንቋይ እንሆን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልቲሜትሩን ይዘን መጣን። ቁልፉ በማስነሻው ቦታ ላይ እንዳለ ወደ ቦቢናው 10 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ዜሮ። ልኬቱ የፈጀው አምስት ደቂቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባትሪው 12 ቮልት በካንዴላው ጫፍ ብልጭታ ለማስነሣት አይበቃም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በቦቢናው ጥቅል ውስጥ አልፎ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ፑንቲና የምትባለው ትንሽ መቆራረጫ ሰርኪዩቱን በድንገት ስትከፍተው መስኩ ይፈርሳል፤ በፋራዴይ ሕግ መሠረትም በሁለተኛው ጥቅል ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይወለዳል። ይሁን እንጂ ፑንቲናዋ የማያቋርጥ 12 ቮልት አትችልም። በመሆኑም ከቁልፉ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ሽቦ ሆን ተብሎ ሬዚስታንስ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። ሞተሪኖው በሚሠራበት ጊዜ ግን የባትሪው ቮልቴጅ ስለሚወርድ፣ ኤሌክትሪኩ ይህን ሽቦ ትቶ በአቋራጭ መንገድ እንዲሄድ ይደረጋል። በእኛ መኪና አቋራጩ መንገድ ደኅና ነበር፤ የተቃጠለው ዋናው ሽቦ ነው።

አንድ ወዳጃችን በዚያ ቦታ ተራ የመዳብ ሽቦ ዘርጉበትና ተገላገሉ አለን። ሐሳቡ ርካሽ ነበር፤ ሞተሩም በእርግጥ ይሠራ ነበር። እስቲ እናስላው። ቦቢናውም ሽቦውም እያንዳንዳቸው 1.4 ኦም ገደማ ናቸው እንበል። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ በ12 ቮልት የሚያልፈው 4.3 አምፔር ነው፤ በቦቢናው ላይ የሚባክነው ሙቀትም 26 ዋት ያህል ይሆናል። ሽቦው በተራ መዳብ ሲተካ አምፔሩ እጥፍ፣ ሙቀቱ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኖ ከ100 ዋት ያልፋል። አዲስ የገዛነው ቦቢና ጥቂት ቆይቶ ይቃጠል፣ ፑንቲናውም ይበላ ነበር። ተገቢውን ሬዚስታንስ ገዝተን አስገባን፤ ዋጋው ከ15 ዶላር በታች ነበር። ለካን ብለን ብንጀምር ኖሮ የአንድ ወር በጀታችን ባልባከነ!

የመለኪያ ነገር ሲነሣ ውድ ዕቃ ብቻ የሚታየን ካለን ስሕተት ነው። በዚያ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ኤሌክትሮን እየሰጠ፣ ኦክሲጅኑም እየተቀበለ ዝገቱ ይፋጠናል። መስታንግ ደግሞ ለብቻው የተሠራ ሻሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ላሜራዋ ራሱ ነው። ስለዚህ ዝገቱ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእኛ መለኪያ አንዲት የማቀዝቀዣ ማግኔትና አንድ ባልዲ ውኃ ነበሩ። ማግኔቷ ያልያዘችበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ውኃውን ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ ስናፈስሰው ወደ እግር መርገጫው ተንጠባጠበ፤ ለዓመታት የተከማቸ ቅጠል ርጥበት ይዞ ላሜራውን በልቶት ኖሯል። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት ይኸው ነው። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን አስቀድሞ በቀለም ላይ የሚያፈስስ ሰው ዝገቱን አለበሰው እንጂ አላዳነውም።

ሆኖም ቁጠባም ድንበር አለው። የ1965ቱ መስታንግ የፍሬን ፖምፓ ባለ አንድ ክፍል ነው። ፓስካል እንዳስተማረን በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል፤ ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ መስመር ላይ ቀዳዳ ሲፈጠር ግን ግፊቱ ለአራቱም ይጠፋል። ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ፖምፓው ለፊትና ለኋላ ጎማዎች በሁለት የተከፈለ ሆኗል። እኛም የሦስት ወር ቁጠባችንን አውጥተን ባለ ሁለት ክፍሉን ገጠምን። ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ቀየርነው፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይጠጣልና። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ሲኖርበት፣ ርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 140 ነው። ከፈላ ደግሞ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉም ባዶውን ይወርዳል። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአየር ከመንፋት ይልቅ በውኃ አርሰን ጠረግነው። ሸክም የሚችለውን የላሜራ ብየዳም በገዛ እጃችን አልደፈርነውም፤ ለባለሙያ ከፈልን።

ይህን ሁሉ ከመድከም ሙሉ በሙሉ ለጋራዥ መስጠት አይሻልም ነበር ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘብ ላለው ይሻላል። እኛ ግን ድካሙን ለመኪናዋ ብቻ ሳይሆን ለሥራችንም ከፍለነዋል። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የኃይል ሰጪ ወይም ኦሲሎስኮፕ ባየን ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ነው፦ ማን ለካው? ቮልቴጁ እስከ የት ደርሶ ጠፋ? መልስ ከሌለ መሣሪያው ተበላሽቷል አይባልም፤ ገና አልታየም ነው የሚባለው። ተማሪዎቻችንም አዲስ መሣሪያ ይገዛልን ከማለታቸው በፊት ይህን ጥያቄ ቢያስቀድሙ እንወዳለን።

መስታንጓን እ.ኤ.አ. በ2015፣ ወደ አገር ቤት ከመመለሳችን በፊት ሸጥናት። ቀለሟ እንደ ገዛናት ቀን የደበዘዘ ነበር፤ ለእርሱ የሚተርፍ ገንዘብ አላገኘንም። ገዢው ቁልፉን አዙሮ ለቀቀው፤ ሞተሩ አልጠፋም። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለሰና በራችን ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ያዘ። መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች።