የሟች ስም የሌለበት የውርስ መዝገብ

በዚህ ሳምንት አንድ የጉደር ተወላጅ አዛውንት ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ካለ አንድ መዝገብ ቤት ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የፈለጉት የአባታቸውን የወራሽነት ማረጋገጫ ግልባጭ ነበር። አባትየው ያረፉት በደርግ ዘመን ነው። ማረጋገጫውን ያወጣው ታላቅ ወንድማቸው ይመስላቸዋል፤ እሱም ዛሬ በሕይወት የለም። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት በአክብሮት ነው ያስተናገደቻቸው። «አባባ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ይዘዋል?» አልያዙም። «አመልካቹ ማን ነበር?» ወንድሜ ይመስለኛል፣ ካልሆነም አክስቴ ትሆናለች አሉ። የአባታቸውን ስም ከነአያታቸው ነገሯት። «በሟች ስም አናገኘውም» አለቻቸው። እውነቷን ነው። የሚያንገበግበውም እውነት መሆኑ ነው።

የወራሽነት ማረጋገጫ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ሙግት የለም፤ ከሳሽም ተከሳሽም የለም። «አመልካች» በሚለው ቦታ የልጅ ወይም የሚስት ስም ይገባል፣ ከሥሩ «ተጠሪ፦ የለም» ይባላል። የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው ሟች ግን ከሽፋኑ ላይ የለም። ስሙ ያለው ውስጥ ነው፤ በማመልከቻው፣ በምስክሮች ቃልና በውሳኔው ሐተታ። ዳኛው «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ብለው ሲፈርሙ፣ መደርደሪያ ላይ የሚወጣው ቁጥርና የአመልካች ስም ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ የልጅ ልጅ ደግሞ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የሟቹን።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ሙግቱን ከዚህ በፊትም ያውቁታል። ስለ ይዞታ ማኅደር ሲነሳም፣ ስለ ትምህርት ቤት ሮስተር ሲነሳም ዓምዱ የጮኸው ይህንኑ ነው፦ ሰነድ ፈላጊው በሚያውቀው ስም ሊገኝ ይገባዋል። በውርስ ጉዳይ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ የሚፈለገው ሰው ቀርቦ መናገር አይችልምና።

ቁጥሩ ቢታወቅ እንኳ «የትኛው ፍርድ ቤት?» የሚለው ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 826 ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ እንደሆነ ይደነግጋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያረፈ የጊንጪ ነጋዴ ውርሱ የሚከፈተው ጊንጪ ነው። ቤተሰቡ ግን ሰውየው የሞተው አዲስ አበባ ነው ብሎ እዚያ ይባዝናል። አዲስ አበባም ቢሆን፣ ከ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር አዋጅ ወዲህ ማረጋገጫውን እንዲሰጡ ሥልጣኑ የተሰጣቸው የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ እዚያ አይገኝም።

በምዕራብ ሸዋ ዛሬ ጊንጪ በደንዲ፣ ጉደር በቶኬ ኩታዬ፣ ጌዶ በጨሊያ ወረዳ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደግሞ አምቦ ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አዲስ ዓለም ያኔ በመናገሻ አውራጃ ሥር ነበረች። ስለዚህ የ1960ዎቹን ውሳኔ የሚፈልግ ሰው ስሙም መዋቅሩም የተለወጠ ፍርድ ቤት ነው የሚያሳድደው፤ አውራጃው ሲቀር የመዝገቡ አድራሻም አብሮ ተቀይሯል።

ቋንቋውም ተቀይሯል። ከሽግግር መንግሥቱ ዘመን ወዲህ የኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ይሠራሉ፤ መዝገቡ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ይጻፋል። የአንድ አምቦ ቤተሰብ የአያት መዝገብ በፊደል፣ የአባት መዝገብ በቁቤ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ተራ መደርደር አይቻልም፦ ፊደል ከ«ሀ» ሲነሳ ቁቤ ከ«አ» ይነሳል። በፊደል «ኃይሉ» የሚለው ስም በሦስቱም «ሀ» ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በቁቤ ደግሞ መጥበቁና መርዘሙ የሚታየው ፊደሉን በመድገም ስለሆነ አንዱ ጸሐፊ የደገመውን ሌላው ይተወዋል። ለእንዲህ ያለው ስም መድኃኒቱ በሁለቱም አጻጻፍ ጎን ለጎን የሰፈረ ዝርዝር ነው። እሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል፣ አለቀ።

ይህ ሁሉ የቤተሰብ ታሪክ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ዓምዱ ይህን ያህል ባልተቆጣ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 996 ወራሽ የሆነ ሰው ማረጋገጫ እንዲሰጠው ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ወረቀቱን የያዘ ሰው ተቃራኒው እስኪታወቅ ወራሽ እንደሆነ እንዲገመት፣ የሚቃወም ካለም ይሰረዝልኝ እንዲል በር ይከፍታሉ። ወንድማማቾች ሆነው ማረጋገጫ ያወጣሉ፤ ባኮ ያገባች እህት ስሟ አይገባም። የምትሰማው የአባቷ ቤት ሲሸጥ ነው። ሕጉ ይሰረዝልኝ የማለት መብት ሰጥቷታል፤ ነገር ግን የትኛውን መዝገብ? አመልካቹ የትኛው ወንድሟ እንደሆነ ሳታውቅ ማን ፈልጎ ይሰጣታል? በዚያ ላይ ቁጥር 1000 አለ፦ መብቷንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀች ከ3 ዓመት በኋላ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፤ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀርም ከ15 ዓመት በላይ አይሄድም። እሷ በየመስኮቱ ስትንከራተት ይርጋው አይጠብቃትም።

የጉዲፈቻ ልጅም እንዲሁ ነው። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ የቆየ ወግ ነው፤ ሕጉም የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ወራሽ ያደርገዋል። ግን የጉዲፈቻው ስምምነት በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ይጠይቃል። ያ ማጽደቂያም ሌላ ዝግ መዝገብ፣ ሌላ የማይታወቅ ቁጥር ነው።

«የቤተሰብ ገመና አደባባይ ይወጣል» የሚሉ አሉ። ማንም ኑዛዜ ይነበብ አላለም። የሟች ስም፣ የሞተበት ዓመት፣ ፍርድ ቤቱና የመዝገብ ቁጥሩ ገመና አይደሉም። «ዲጂታል ሲሆን ሁሉም ይፈታል» ለሚሉት ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ ሲገባ የሟች ስም የሚሞላበት ቦታ ካልተሰጠው ያንኑ መልስ በፍጥነት ይሰጣል እንጂ ሌላ አያመጣም።

የሌላውን አገር ማየት ይጠቅማል። እንግሊዝና ዌልስ ከእ.ኤ.አ. 1858 ጀምሮ በየዓመቱ የውርስ ፈቃድ የተሰጠባቸውን ሟቾች በስማቸው ተራ ደርድረው መዝገብ ያወጣሉ። ማንኛውም ሰው ስሙን አግኝቶ መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ የኑዛዜውን ቅጂ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር የቆዩት ወረቀቶች ፎቶ ከተነሱ በኋላ ይወገዱ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ የታሪክ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ተቃወሙት። እነሱ የተሟገቱት ወረቀቱ ይኑር አይኑር በሚል ነው፤ ምዕራብ ሸዋ ላይ ገና የሟቹን ስም ሽፋኑ ላይ ለማውጣት ነው ሙግቱ።

አንድ መውጫ ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ፍርድ ቤት ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ብሎ በጋዜጣ ጥሪ ሲያስወጣ ማስታወቂያው የሟቹን ስም ይጠራል። መዝገቡ ሽፋን ላይ ያልያዘውን ስም ጋዜጣው ይዞታል። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል፤ የቆዩት እትሞች በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር ይነበባሉ። ዓመቱን በግምትም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ገጾቹን ቢያገላብጥ የአመልካቹን ስም፣ አንዳንዴም የመዝገብ ቁጥሩን ሊያገኝ ይችላል።

ዓመቱን የሚነግረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕድር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አምቦም ሆነ ጊንጪ የሞተን ሰው ቀን ጽፎ የያዘው፣ ለቀብር ገንዘብ የሚከፍለው ዕድር ነበር። የዕድር ጸሐፊ ደብተር ላይ ቀኑ፣ ስሙ፣ ለማን እንደተከፈለ ሁሉ ሰፍሯል፤ የተከፈለውም ብዙ ጊዜ ነገ ፍርድ ቤት «አመልካች» ለሚሆነው ሰው ነው። ጸሐፊው ሲሞት ደብተሩ የት ይገባል? ከቤቱ ዕቃ ጋር ወደ ልጆቹ ያልፋል፣ ቤቱ ሲታደስ ይጣላል። ይህ ከፍርድ ቤቱ መስኮት ይልቅ ያስፈራል፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ቢያንስ ጠባቂ አለው።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ተማሪዎቹ ክረምት ላይ ከየከተማው ዕድሮች ጋር ተስማምተው ደብተሮቹን ፎቶ ቢያነሱ፣ አንዱን ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢሰጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በሚከፈት በእያንዳንዱ የውርስ መዝገብ ሽፋን ላይ ከአመልካች በላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ሟች»፣ ስም ከነአያት፣ በፊደልም በቁቤም። የቆዩት ዝግ መዝገቦችም በየተራ ከመደርደሪያ ወርደው የሟቹ ስም ይጻፍባቸው፤ በቅድሚያም የአውራጃው ዘመን መዝገቦች፣ ባለጉዳዮቻቸው አርጅተዋልና።