አክስሉን ማን አጎበጠው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የጎበጠ አክስል ነው። ገጹን እንዳታልፉት፤ እኔም እንደ እናንተ መካኒክ አይደለሁም። ግን ግቢዬ ውስጥ አክስል ሲለወጥ ልጆቼ ፊት አንድ ነገር ተምሬአለሁና ላካፍላችሁ።

እኛ ዲላ ነዋሪዎች ነን። በጌዴኦ ከጥቅምት ጀምሮ ቤቱም ገበያውም የሚንቀሳቀሰው በቡና ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ትልልቁ ዛፍ፣ እንሰቱና ቡናው በአንድ ተዳፋት ላይ ተደጋግፈው የሚያድጉበት አገር ነው። ያ ተዳፋት ግን ለዐይን የሚያምረውን ያህል ለመኪና አይመችም።

እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ መፍላት ይጀምራል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። ክብደቱም የዋዛ አይደለም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነው፤ የተለቀመውን ሁሉ ባንዴ ጭነን ሳይመሽ ለመድረስ እንሮጣለን።

አምና ኅዳር ላይ ከእኔና ከወንድሞቼ ማሳ የተለቀመውን በአሮጌዋ ቶዮታ ፒክአፓችን ጭነን ከወናጎ ገጠር ወደ አስፋልቱ እንወርድ ነበር። የሚነዳው የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ዕድሜው 22፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመቱ። የኋላ ጎማችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ከሥር "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማን። እኔም እዚያው፣ ለቃሚዎቹ እየሰሙ፣ "ዐይንህ የት ነው? ጉድጓድ አይታይህም?" ብዬ ተቆጣሁት። አልመለሰልኝም። ቡናውን አስረክበን ወደ ቤት ገባን።

በሦስተኛው ሳምንት የኋላ ጎማዎቹ በውስጥ ጎናቸው ብቻ ተበልተው አገኘናቸው። ከግራው ጎማ በስተጀርባ ደግሞ ዘይት ያዣል። ጎረቤታችን የቆዩ መካኒክ ናቸው፤ እኔም ልጆቼም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጡና ያዘዙት ክርና ብሎን ነበር።

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆሙ። ብሎኑን በክሩ አንጠልጥለው እንደ ግንበኛ ቱንቢ ከኋላው ጎማ አጠገብ አወረዱት። ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ቀጥሎም እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለውን። ላይኛው ከታችኛው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይርቃል። በሌላኛውም ጎን እንዲሁ ሆነ። የሁለቱም ጎማዎች አናት ወደ ውስጥ አዘንብሏል ማለት ነው።

ከዚያ ጎማውን በክሪክ አስነስተው በእጃቸው እያዞሩ አንድ እንጨት ወደ ቸርኬው ጠርዝ አስጠግተው ያዙ። "በእንጨቱና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት በየዙሩ ቢሰፋና ቢጠብ የተጣመመው ቸርኬው ወይም ውስጥ ያለው ሻፍት ነበር" አሉ። ክፍተቱ አልተለወጠም። "የጎበጠው ሻፍቶቹን የያዘው የአክስሉ ቤት ነው። ጎማዎቹ ከዳርና ከዳር ወደ ላይ ሲገፉ ጭነቱ በባሌስትራው በኩል ወደ ታች ተጭኖት መሀሉ ረግቧል።"

አንድ ወዳጄ በእሳት አቅልቶ በመዶሻ የሚያቃና ሰው እንደሚያውቅ ነግሮኝ ነበር። ዋጋው ስለሚቀንስ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲያ በእሳት የቀላ ብረት ጥንካሬው ይሄዳል። ባዶውን ያስኬድህ ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ ነው የሚከዳህ።"

ሐዋሳ ከእኛ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጄና ጋሼ ሄደው ያገለገለ ሙሉ አክስል ገዝተው መጡ። ሳይገዙ በፊት ስፋቱን ለክተዋል፤ ባሌስትራው የሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች ያላቸውን ርቀትም ለክተዋል። እሱም ጎብጦ እንዳይሆን ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥረው አይተዋል። ሁለቱን የጎማ መያዣዎች እኩል አንድ ዙር አዙረው ዲፈረንሻሉ መግቢያ ላይ ያለው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጥረው ከእኛው ጋር አመሳክረዋል። ቁጥሩ ከተለያየ የመኪናዋ ጉልበትም የፍጥነት መቁጠሪያዋም ይለወጣል።

ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደረገባቸው። መሬታችን ቀይ አፈር ስለሆነ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አነጠፍን። መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ሻንሲዋን በወፋፍራም የብረት እግሮች ላይ አሳረፍናት። ልጄ ቸኩሎ እግሮቹ ሳይገቡ ከሥር ሊገባ ሲል ጋሼ በቀሚሱ ጎትተው አወጡት። "ክሪክ ያነሳል እንጂ አያኖርም" አሉት። ይህችን ቃል በየቤታችሁ ጎማ ለሚቀይር ልጅ ሁሉ ንገሩልኝ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ደብተር ይዛ ከመኪናዋ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ሥራዋ የሚፈታውን ሁሉ በተራ መጻፍና ብሎኖቹን በየሳህኑ መለየት ነው። ጎማ፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ፣ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ብሎኖች። ያራቅናት በምክንያት ነው። የፍሬን ታምቡር ሲከፈት የሚወጣው አቧራ፣ በተለይ ከአሮጌ ሸራ ሲሆን፣ ለሳንባ ጠንቅ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በአፍ እፍ አይባልም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

አሮጌው አክስል ከወረደ በኋላ ቡና ተፈላ። እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆነው ብረቱን አዩና "ምን አግኝቶት ነው?" አሉ።

"ጉድጓድ ነው እማዬ" አልኳቸው። ወደ ልጄም ሳላየው አልቀረሁም።

ትንሿ ቀና አለች። "አባዬ፣ ጉድጓዱ እኮ ካቻምናም ነበረ። ያኔ ለምን አልጎበጠም?"

መልስ አልነበረኝም። ከመኪናዋ ካወጣናቸው ዕቃዎች ጋር ሊብሬው እሷ ዘንድ ነበር። ገለጠችና "የመጫን ልክ፣ 10 ኩንታል" ብላ አነበበች። "የዚያን ቀን ስንት ጆንያ ነበር?" ብላ ወንድሟን ጠየቀችው። "22" አላት። "አንዱ ስንት ኪሎ ነው?" "70 ገደማ።" ደብተሯ ላይ አባዛችና ለመምህር እንደምታሳይ አድርጋ ሰጠችኝ። 1540 ኪሎ፣ ማለትም 15 ኩንታል ከ40። ከጆንያው ላይ የተቀመጡትን አራት ሰዎች አልቆጠረችም። አንዱ የወንድሜ ልጅ ነበር።

እናቴ ስኒውን እያቀበሉኝ፣ "በቅሎ እንኳ ሲበዛባት ትተኛለች። ይሄ መኪናችሁ ዝም ብሎ ተሸክሞላችሁ ነው" አሉ።

ያን ቀን "ሁለት ጆንያ ጨምሩ፣ ይችላል" ያልኩት እኔ ነበርኩ። ልጄ "አባዬ፣ በዛ" ብሎኝ ነበር። እሱን ረስቼ ጉድጓዱን ብቻ አስታወስኩ። በጉድጓዱ ሳቢያ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ስወቅሰው ከረምኩ። እኛ ያደግነው አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሳናይ ነው። ቢሆንም እናቴና ጋሼ ባሉበት፣ "ልጄ፣ አክስሉን ያጎበጥኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ያለ ጥፋትህ ተቆጥቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "ምንም አይደል አባዬ" አለና ትንሽ ዝም ብሎ "የ17ቱን መፍቻ አቀብለኝ" አለኝ። አቀበልኩት።

ከሰዓት አዲሱን አስገባን። የዘይት ማገጃ ጎማዎቹንና የፍሬን ሸራውን በአዲስ ለወጥን፣ ዲፈረንሻሉን ዘይት ሞላነው። ከፍሬን ቱቦው አየር ለማስወጣት ባለቤቴ መሪው ጋ ተቀመጠች። ጋሼ ከኋላ ሆነው "ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!" እያሉ ቢያስረግጧት፣ "ስንት ዓመት ቤት ስመራ እንዲህ ያዘዘኝ የለም" ብላ አሳቀችን። መኪናዋ ወርዳ በባዶዋ ትንሽ ከተነዳች በኋላ ፍሬኗ ተፈተሸ፣ የባሌስትራው ብሎኖችም እንደገና ጠበቁ። ይህ ሁለተኛው ማጥበቅ አይዘለል። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ግን ይህን ሥራ በቤታችሁ አትሞክሩት። ፍሬን የተነካበት ሥራ መለማመጃ አይደለም።

ዘንድሮ 14 ጆንያ ነው የምንጭነው፤ ሰው ከጭነት ላይ አይቀመጥም። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን፣ ነዳጁም በእጥፍ ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው ጭነት መሽቶበት ዋጋው ተቀንሶብናል። ወንድሞቼም "እገሌ እኮ ሃያ ይጭናል" ማለታቸውን አልተዉም። እኔም አንዳንድ ቀን ደመና ሲከብድ "አንድ ብቻ እንጨምር" ማለት ይቃጣኛል። ያኔ ልጄ ምንም አይናገርም፤ እህቱ የጻፈችውን የደብተር ቅጠል መሪው አጠገብ ለጥፎታልና ወደዚያ ብቻ ያያል።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ መኪና ያላችሁ ሊብሬያችሁን ገልጣችሁ የመጫን ልኩን ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። መኪና የሌላችሁ ደግሞ በቤታችሁ አንድ ነገር ሲሰበር መጀመሪያ የተቆጣችሁትን ልጅ አስታውሱ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ንገሩት።