ፒተርስበርግን አውቀን ቢቸናን ስንዘነጋ

ስለ ሩሲያው የ1905 (እ.ኤ.አ.) አብዮት የሚጠየቅ የኪነ ጥበብ ሰው መልስ አያጣም። የፖተምኪን መርከበኞች የተላ ሥጋ አንበላም ብለው ማመፃቸውን ከኤይዘንስታይን ፊልም ያውቃል፤ የጎርኪን «እናት» አንብቦ አስነብቧል። ይህን ማወቁ አያስነቅፈውም። የሚያስነቅፈው፣ በ1960 ዓ.ም. በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች ምን እንደተደረገ ሲጠየቅ «ርስቱን የሙጥኝ ያለ ኋላ ቀር ገበሬ ሁከት ነው» ብሎ በአንዲት ዐረፍተ ነገር መዝጋቱ ነው።

በኅዳር 1960 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ዐዋጁ አሥራትን የሚተካ፣ እንደየገቢው መጠንም የሚጣል ግብር ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ከገማቹ በስተኋላ ቀላድ ጣዩን አየ። ቀላድ በደቡብ የአገሩን ባለቤት በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ማድረጉን ሰምቷል። እርሱ ራሱም በ1930ዎቹ አጋማሽ «መሬት ይለካል» በተባለ ጊዜ እምቢ ብሎ ነበር። በዚህ ላይ የጠቅላይ ገዥው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደርና የሹማምንቱ ጉቦ ሲያንገፈግፈው የኖረ ሕዝብ ነው። ሽማግሌ መርጦ አዲስ አበባ ድረስ አቤት አለ። ሰሚ ሲያጣ ገማቾቹን አባረረ፣ መሣሪያውንም አነሣ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን መንደሩን ደበደበ። በላይ ዘለቀን ተከትሎ ፋሺስትን የተዋጋ፣ ያንኑ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ ገመድ ያጣ አገር ነውና ቦምቡን ከማን ጋር እንዳመሳሰለው መገመት አያዳግትም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ፣ ውዝፉም ተሰረዘ።

«ዘውዱ ይውደቅ አላሉምና አብዮት አይባልም» የሚሉን ሐያስያን አሉ። መልካም፤ እኔም አብዮት አልለውም። ግን በጥር 1905 የፒተርስበርግ ሠራተኞች ምን ይዘው ወጡ? ቄስ ጋፖንን ተከትለው፣ ቅዱሳት ሥዕላትንና የዛሩን ምስል ተሸክመው፣ አቤቱታ ይዘው አልነበረምን? ዛር ኒኮላይ አባት ነው የሚለውን እምነት ከልባቸው ያወጣው በራሪ ወረቀት ሳይሆን የወታደሮቹ ተኩስ ነው። አቤቱታ ያቀረበውን የኔቫ ዳር ሠራተኛ በአክብሮት የምናነሣ፣ አቤት ያለውን የጮቄ ግርጌ ገበሬ በምን ሚዛን ነው የምንንቀው?

በዚህ ረገድ የከተማው ምሁርም ከወቀሳ አያመልጥም። በየካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲወጣ መፈክሩ የደቡቡን ጭሰኛ እንጂ ርስት ያለውን ጎጃሜ አልነካም። የጎጃሜው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ መሬቴን አትለኩብኝ፣ የጉቦኛ ሹም አታምጡብኝ። በአመፁ ውስጥ ባላባቶች መግባታቸውም እውነት ነው። ይህን ሸሽጎ ገበሬውን ቀይ ባንዲራ የሚያስይዝ ደራሲ፣ ከሚንቀው ሐያሲ የተሻለ አልሠራም።

የሚገርመው ግን ጽሑፋችን ዓይን ያጣ አለመሆኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም.፣ ከአመፁ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። በዚያ መጽሐፍ የፊታውራሪ መሸሻን ትእዛዝ አንቀበልም ብለው ከአበጀ በለው ጋር የተነሡት ገበሬዎች የዲማ ገበሬዎች ናቸው። ዲማም ያለችው በዚያው በቢቸና አውራጃ ነው። ደራሲው በልብ ወለድ ያሳዩትን ገበሬው በሥጋና በደም ፈጸመው፤ ከዚያ በኋላስ? «እናት»ን የሚያህል አንባቢ ያገኘ፣ የ1960ን ቢቸና የሚተርክ ልብ ወለድ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ሰማንያ ሊደፍን ነው። የቢቸናና የሞጣ መምህራን ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይዘው ወደ ገበያና ወደ ደጀ ሰላም ቢወጡ፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ ከብቱን ወዴት እንደነዳ፣ ሽማግሌዎቹን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ስንቁን ማን እንዳዋጣ፣ በለቅሶው ምን ተብሎ እንደተገጠመ የሚነግራቸው ሰው ገና አለ።